ያለ ፊሽካ የሄደው የሀርጌሳ ሰልፍ

ሀርጌሳ ደርሼ መጣሁ ስላቸው የሰፈሬ ሰዎች እስከ ዛሬ አያምኑኝም። «በዚያ ጦርነት መሀል? አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ!» ይሉኛል። እንግዲህ የሚያምንም የማያምንም ያንብበው ብዬ፣ ከተመለስኩ በኋላ የማስታውሰውን ቀን በቀን ጻፍኩት። የተኩስ ወሬ የምትጠብቁ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ እኔ እዚያ ሄጄ ያየሁት ሰልፍ ነው።

ስሜ ጽጌ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስፖርት አስተምሬአለሁ። በደርግ ጊዜ የበዓል ሰልፍ በመጣ ቁጥር የትምህርት ቤታችንን ልጆች የማሰልፈው እኔ ነበርኩ፤ የከተማው ሰው ስሜን ባያውቅ እንኳ ፊሽካዬን ያውቃል። ረጃጅሞቹ ከፊት፣ አጫጭሮቹ ከኋላ፣ ጉልበት እስከ ወገብ፣ መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ! የሚጎተት ልጅ ካየሁ «እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ማን ይጠብቅሃል!» እያልኩ እጮህበት ነበር።

ጃማ ተማሪዬ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ የሶማሌ ልጅ ሲሆን፣ ከሰልፈኞቼ ሁሉ እርምጃው የማይዛነፍ እሱ ስለነበር ባንዲራ ያዥ አድርጌው ነበር። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በገባንበት ዓመት፣ አንድ የበዓል ጠዋት ሰልፉ ሊነሳ ሲል አንድ የቀበሌ ሹም መጣና «ይሄ ልጅ ባንዲራ አይዝም» አለኝ። ፈራሁ። ባንዲራውን ከእጁ ተቀብዬ «ጃማ፣ ለዛሬ ከሰልፉ ውጣ» አልኩት። ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ሰልፉ ሲያልፍ ዞር ብዬ ሳየው ባለበት ቆሞ እግሩ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል። በሳምንቱ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ሀርጌሳ ገባ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኔ ግን ተገላቢጦሽ ሆነና የወጋሁት እኔው ሳልረሳው ኖርኩ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት የልብስ ነጋዴ ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። ጃማ ሀርጌሳ ውስጥ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኗል። በመሀል ከተማና በአየር ማረፊያው በኩል ያሉ ሰዎች ተዋግተው ሽማግሌዎች ገና ማስታረቃቸው ነው። ዕርቁ በአደባባይ እንዲታይ የሁለቱ ወገን ልጆች አብረው ይሰለፉ ተብሎ ሰልፉን የሚመራው ጃማ ሆኗል። «ሰልፉ ከፈረሰ ዕርቁም ይፈርሳል ብለው የሚጠብቁ አሉ፤ እኔ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ። የማውቀው ሰልፍ የእርስዎን ብቻ ነው፤ ቲቸር፣ ይምጡልኝ» ይላል። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል የለበትም። እኔ ግን የሄድኩት ሰልፉን ላሳይ ብቻ ሳይሆን ይቅርታ ልጠይቀው ጭምር ነበር።

አንደኛ ቀን፣ እሑድ

ቅዳሴ ሳላስቀድስ በጠዋት ከድሬዳዋ ተነሳሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ደንገጎን ወጥተን ሐረርን አልፈን ጅጅጋ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን ከመሬት እያነሳ ሰው አፍ ውስጥ ያስቀምጣል። ድሬዳዋ ሙቀት ነው እንጂ እንዲህ ያለ ጥጋበኛ ንፋስ የለንም።

ያረፍኩበት አልቤርጎ ክፍል ስላልነበረው ከአንዲት ቲማቲም ነጋዴ ጋር አንድ አልጋ ተካፈልን። ሻንጣዬን ስከፍት ፊሽካውን አየችና «አንቺ ፖሊስ ነሽ?» አለችኝ። አስተማሪ ነኝ ብላት አላመነችም፤ እስክንተኛ ድረስ በጎን በጎን ስታየኝ አመሸች። ጠዋት ግን ሁለት ቲማቲም በጨው አበላችኝ።

ሁለተኛ ቀን፣ ሰኞ

ከጅጅጋ ቶጎ ውጫሌ ደረስን፤ ድንበሩ እዚያ ነው። ከድንበሩ ወዲያ አብዲ የሚባል ሹፌር ላንድክሩዘር ላይ ከዱቄት ጆንያና ከሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ጋር ጫነኝ። መንገድ የሚባል ነገር የለም። ሜዳው ሁሉ መንገድ ነው፣ ያውም ሌሊት ዝናብ የጠጣ ጥቁር ጭቃ። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ መኪናው እስከ ሆዱ ገባ።

ወንዶቹ ወርደው መግፋት ጀመሩ፤ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ያርፋል፣ ሌላው ሲገፋ አብዲ ነዳጅ መስጠት ይረሳል። አቦ! ሠላሳ ዓመት ሰው በአንድ እርምጃ ያስኬደች ሴት ይህን ቁጭ ብላ ታያለች? ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ወረድኩና ፊሽካዬን አወጣሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ፊርርር!» በሦስተኛው ፊሽካ መኪናው ወጣ፤ እኔ ደግሞ ጎማው የተፋውን ጭቃ ከግንባሬ እስከ እግሬ ለበስኩት። ሰዉ ሳቀብኝ ብላችሁ አትቀየሙላቸው፣ እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ በኋላ የአብዲ ወሬ ሁሉ «መዓሊማ» ሆነ፤ መዓሊማ በነሱ ቋንቋ አስተማሪቱ ማለት ነው።

ኬላው በሁለት በርሜል መሀል የተወጠረ ገመድ ነው። ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ መጥቶ ጭቃዬንም ፊሽካዬንም አየና ማን እንደሆንኩ ጠየቀ። አብዲ «የልጆቹን ሰልፍ ልታሰለጥን የመጣች ናት» አለው። ልጁ ፊቱ ተፈታ። «እህቴ አለችበት» አለና ገመዱን ራሱ ዝቅ አደረገልን።

ሀርጌሳን ሳያት እንደ ድሬዳዋ በደረቅ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። እኛ ከዚራ ሰፈርን ከመጋላ የሚለይ ደቻቱ የሚባል ወንዝ እንዳለን፣ እነሱም መሀል ከተማውን ከአየር ማረፊያው ወገን የሚለይ አሸዋ አላቸው። ቤቶቹ ግን ጣሪያ የላቸውም፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ ሁሉ ተነቅሎ ተወስዷል። በር በሌለው ቤት ፊት አንድ ሰውዬ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ አየሁ።

ጃማ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ጭቃዬን ሳይጠየፍ እጄን ይዞ ሳመኝና በጥሩ የድሬዳዋ አማርኛ «ቲቸር፣ በዋና ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ላወጣው የነበረውም ቃል ከሳቁ ጋር ተመልሶ ገባ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ቆርቆሮ ያለው ሌላው ሸራ የተወጠረበት። ቆርቆሮ ያለውን ለእኔ ሰጡኝ። የጃማ አክስት፣ ወገቧን የሚያማት ሸንቃጣ አሮጊት፣ አልጋዋን ለቅቃ ሸራው ስር ገባች። ሁሉም ኤዶ ይላታል፣ አክስቴ ማለት ነው፤ እኔም ኤዶ አልኳት። ማታ ያጠጣችኝ የግመል ወተት እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ሦስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ልምምዱ ወንዙ አጠገብ ባለ ጣሪያ አልባ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የሁለቱም ወገን ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ግቢ ገቡ፤ ገብተውም በየወገናቸው ግድግዳ ተደግፈው ተፋጠጡ። እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ልጅ ማሰለፍ ችግር ሆኖብኝ አያውቅምና በቁመት ደባለቅኳቸው። ረጃጅሞቹን ከፊት አደረግሁ፤ የሰባት ዓመቷ ሆዳን፣ ከአየር ማረፊያው ወገን የመጣች ጥርሰ ወላቃ፣ መጨረሻ ላይ ቀረች። ጉልበታቸውን አስነሳሁ። መጀመሪያ ተንጫጩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ስልሳ ልጅ በአንድ እግር ሲሚንቶውን ሲመታ አዳራሹ ዱም! ዱም! ዱም! አለ። ጃማን አየሁት፤ ፊቱ የልጅነቱን ፊት መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ ፊሽካዬን ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁት።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት እየጮኸች ገባች። «ፋቀሽ! ፋቀሽ!» ትላለች። የሆዳን እናት ነበረች። ልጇን ከሰልፉ ነጥቃ በነጠላዋ ሸፍና መሬት ላይ ተደፋችባት። ሌሎቹም እናቶች ገብተው የየልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ፤ እኔ አፌ ውስጥ ፊሽካ እንደያዝኩ አዳራሹ ባዶ ሆነ።

ጃማ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ፋቀሽ የምንለው ይህን ከተማ ያፈረሰውን የድሮውን መንግሥት ወታደር ነው» አለኝ። «ሰፈር ለሰፈር እንደዚህ ነበር የሚመጡት፣ በፊሽካና በቡት። እኔ ያኔ ደቡብ ሶማሊያ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ድምፁን አልሰማሁትም። ማሰብ ነበረብኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት።

«ሰልፉ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው፣ ቲቸር። የአየር ማረፊያው ወገን ልጆች ካልመጡ ሽማግሌዎቹን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

ያን ጊዜ ስለ ድሬዳዋው ጠዋት ማንሳት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ መሰለኝና ተውኩት። እራት አልበላልኝም።

አራተኛ ቀን፣ ረቡዕ

ቁርስ ላሆህ ነው። ከእኛ እንጀራ ያነሰ፣ ለስለስ ያለ፣ በቅቤና በስኳር የሚበላ፤ ሲቀርብልኝ ግን ቅቤው የለም፣ የሰሊጥ ዘይት ነው። ሻዩም ወተት የለውም። የሌሎቹን ሳህን ባይ ቅቤው ይንጣለላል። ኤዶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኩራት «ረቡዕ ነው፤ ስደት ሳለን የሐበሻ ጎረቤት ነበረኝ፣ ረቡዕ ቅቤ እንደማትነኩ አውቃለሁ» አለችኝ። እኔም የገበያ ሶማሊኛ ስለማውቅ ገባኝ። ጉድ ፈላ! ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ በሃምሳው ረቡዕ አይጾምም። ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ዘይቱን ከየት ፈልጋ እንዳመጣችው ጃማ በኋላ ነው የነገረኝ፤ በዚያ ወገቧ ገበያ ድረስ ሄዳለች። የሰውን ቅቤ እያየሁ ላሆሄን በዘይት በላሁ፤ ደግሞም ጣፈጠኝ።

ከቁርስ በኋላ ጃማ፣ ኤዶና እኔ በአንድ ያረጀ ሚኒባስ ወንዙን ተሻግረን ወደ አየር ማረፊያው ሄድን። የሆዳን አባት ጉሌድ ይባላል፤ ተዋጊ የነበረ፣ የሰፈሩ ሰው የሚሰማው ሰው ነው። ጓሮው በቀይ የተቀቡ ድንጋዮች የተደረደሩበት ነው፤ ከድንጋዩ ወዲያ ፈንጂ ስላለ እግር አይነሳም። ቅር ቢለውም ምንጣፍ አነጠፈልን፣ ሻይ አስቀዳልን። ሚስቱ ጥግ ላይ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ እግሯ ስር ተቀመጥኩ። «እህቴ፣ አላወቅኩም። ልጅሽን ያስፈራራሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። የራሷን ሻይ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ። ለማላውቃት ሴት እንዲህ የተፈታ አፌ፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ለጃማ መታሰሩ አናደደኝ።

ጉሌድ ግን ሌላም ነገር ነበረው። «ልጆቻችን ከመጡም ከፊት ነው የሚሄዱት። ከኋላ የሚከተል የተሸነፈ ነው።»

«የመሀል ከተማዎቹም ይህንኑ ነው የሚሉኝ» አለ ጃማ።

ኤዶ እስካሁን ሻይዋን ትነፋ ነበር። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ጉሌድ፣ ከተማው ሲቃጠል እናትህን አዝለህ አይደል የወጣኸው?»

«አዎ።»

«እኔም ነበርኩ፣ በዚህ ወገቤ። እስከ ሐበሻ አገር በእግር። ያን ሁሉ ሰው ስንሄድ ከፊት ማን ነበር?»

ጉሌድ ወደ መሬት አየ። «እናንተ። አሮጊቶችና ሕፃናት።»

«ለምን?»

«ደካማ ከኋላ ከሆነ ይቀራላ።»

ኤዶ ወደ እኔ ዞረች። ከብት አርቢዎቹ ሰፈር ሲቀይሩ የመሪዋን ግመል ገመድ የምትይዘው ሴት ናት አለችኝ። ከሁሉ የደከመው ከፊት ይሆናል፤ ጎበዙም በሱ ልክ ይራመዳል። «ያን ቀን ከፊቴ ያለው የማን ልጅ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ሕፃናቱን ከፊት አድርጉ፣ የሁለታችሁንም። ገመዱን እኔ እይዛለሁ።»

እኔ ጭንቅ ያዘኝ። አጫጭሮቹ ከፊት? ያለ ልምምድ? በስመ አብ! «እርምጃቸውን ማን ይቆጥርላቸዋል?» አልኩ።

«ምን ያስቆጥራል?» አለች ኤዶ። ጉሌድ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እመጣለሁም አልመጣምም ሳይል ግን እስከ በር ሸኘን።

አምስተኛ ቀን፣ ሐሙስ

በጠዋት ወንዙ ዳር ደረስን። የመሀል ከተማ ልጆች አሸዋው ላይ ቆመዋል። ኤዶ ከአንድ ዘመዷ ረጅም የቃጫ ገመድ ይዛ መጥታለች፤ ድሮ ግመል የሚጫንበት ነው። ጫፉን እሷ ይዛ ልጆቹን ከገመዱ በስተቀኝ ብቻ አሲዛቸዋለች፤ ግራው ባዶ ነው። ሴቶች ከበሮ ይዘው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎቹም ዱላቸውን ተደግፈው ያያሉ። ወዲያ ማዶ ሰው የለም።

ፀሐይ ወጣ። ሕፃናቱ መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ጃማን ጠርተው የሆነ ነገር አሉት፤ ጃማ አንገቱን ደፋ። እጄ በልማዱ ወደ ፊሽካዬ ሄደና መለስኩት። ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሰልፉ አደባባይ ደርሶ፣ ንግግሩ ተጀምሮ፣ ሁለት ልጅ ፀሐይ መትቶት ወድቆ ነበር። እዚህ ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም ማዶውን ያያል።

ከዚያ ከማዶ ጉሌድ ብቅ አለ። ሆዳንን ትከሻው ላይ አስቀምጧታል። ሚስቱ ከጎኑ ናት፤ ከኋላቸው ልጆች፣ ከልጆቹ ኋላ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ! አሸዋው ላይ ሲደርስ ሆዳንን አወረደና እጇን ይዞ በባዶው በኩል ገመዱን አስያዛት። የሴቶቹ እልልታ ከበሮውን ዋጠው። ጃማ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት፤ እኔማ ቀድሜ አልቅሼ ነበር።

ኤዶ «ቢስሚላህ» ብላ ተነሳች። ወይ አካሄድ! አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታስባለች፣ ታስቀምጣለች። ሕፃናቱ በሷ ልክ፣ ትልልቆቹ በሕፃናቱ ልክ፣ ጠመንጃ የለመዱት አባቶችም ከኋላ በልጆቹ ልክ። አንዱ እግር ከሌላው አይገጥምም። እኔ በሕይወቴ እንዲህ የተዝረከረከና እንዲህ ያማረ ሰልፍ አላየሁም።

በልማዴ ከሰልፉ ውጭ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ። ጃማ ከኋላ ሲመጣ አጠገቤ ደረሰና ቆመ። ከዚህ በኋላ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ጃማ፣ ያን ቀን ባንዲራውን ስቀበልህ...»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ሰውዬው ምን እንዳለዎት ሰምቻለሁ፤ አጠገብዎ ነበርኩ። የከፋኝ እሱ አልነበረም። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ይጠሩኛል ብዬ እዚያው ቆሜ ጠብቄ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ አልጠራሁትም። ጃማ ወደ መሬት ወደ እግሬ አየና ፊቱ ተፈታ። እኔም አየሁ፤ ባለሁበት ቆሜ እግሬ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል።

እጁን ዘረጋ። «ፊሽካውን ይስጡኝ።»

ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አሁን ይግቡ።»

ሠላሳ ዓመት ሰልፍ አሰለፍኩ እንጂ ተሰልፌ አላውቅም ነበር። ወደ ፊት ፈጠን ብዬ ሆዳን ጋ ስደርስ ወደ ገመዱ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ከኋላዋ ያዝኩ። ወዲያው እርምጃው ጠፋብኝ፤ ሁለቴ ተረከዟን ረገጥኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ በዚያ ወላቃ ጥርሷ።

«ኤዶ፣ ቀስ» አለችኝ።

ቀስ አልኩ።